የሚጮኽ ቧንቧ በኮንዶሚኒየም፦ የትኛው መፍትሔ ለየትኛው ቤት?

ደሴ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለሚጮኽ ቧንቧ አንድ ጥያቄ ያነሳ ሰው አምስት መልስ ይዞ ይመለሳል። አንዱ «ፓምፑ ነው፣ ቀይሩት» ይላል። ሌላው «ቱቦው አርጅቷል፣ ግድግዳው ተፈልፍሎ በፒ ፒ አር (በፕላስቲክ ቱቦ) ይቀየር» ይላል። የሕንፃ መሣሪያ መደብር ከሄዳችሁ ግፊት መቀነሻ ያሳዩዋችኋል። አራተኛ ፎቅ ያሉት ደግሞ «እኛ ጋ ውሃው ጠብ አይልም፣ የምን ግፊት መቀነስ ነው!» ብለው ይቆጣሉ።

ሁሉም የሚሉት መፍትሔ በቦታው ይሠራል። ችግሩ እያንዳንዱ የሚፈታው አንድ ዓይነት ጩኸት ብቻ መሆኑ ነው። ለአየር ተብሎ የተገዛ ፓምፕ ወይም ለግፊት ተብሎ የተፈለፈለ ግድግዳ ገንዘቡን ይበላል፤ ጩኸቱ ግን እዚያው ነው።

የኔ አቋም ከመጀመሪያው ይታወቅ። ጩኸቱ ምን ይመስላል ከማለት በፊት መቼ ይመጣል ማለት ይቀድማል። ድምፅ ያታልላል። የብረት ቧንቧ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ድምፅ ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛ ፎቅ መኝታ ቤት ውስጥ የሚንኳኳው፣ ታች ያለ ጎረቤት የዘጋው ቧንቧ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ግን እምብዛም አያሳስትም።

መጀመሪያ መመዘኛው

*መቼ ነው የሚጮኸው?* ለአንድ ሳምንት ያህል ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉና የሰማ ሁሉ ሰዓቱን ይጻፍ። ከሁለት ሦስት ቤት ቢሆን ይበልጥ ጥሩ ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አየር ነው። ውሃው ሲሄድ ቋሚው ቧንቧ፣ ማለትም ውሃውን ወደ ፎቆቹ የሚያወጣው፣ ይጎድልና አየር ይገባዋል። ውሃው ሲመለስ ያንን አየር ከፊቱ እየገፋ ይወጣል። አየሩ መውጫ ካጣ ቧንቧው ይንጎራጎራል፣ ይተፋል፣ ይንኳኳል። ቆጣሪውም በአየር ይሽከረከራል። ውሃው በመጣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዝም የሚል ጩኸት በአብዛኛው ይኸው ነው።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ፉጨት ከተሰማ ግፊትን ጠርጥሩ። ከተማው ሲተኛ ውሃ የሚቀዳ ሰው ይቀንሳል፣ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊትም ከፍ ይላል። ያን ጊዜ በግማሽ የተከፈተ ቫልቭ ወይም ያረጀ የሽንት ቤት ፍሎተር (ማጠራቀሚያው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው) ያፏጫል።

ቧንቧ በተዘጋ ቅጽበት «ዷ!» የሚል ከሆነ የውሃ ምት ነው፦ እየሮጠ የነበረ ውሃ ድንገት ሲቆም ቱቦውን ይመታል። ይህን በደንብ የምትሰሙት ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ ነው። ለሱብሂ ውዱእ የሚያደርገውም፣ ለኪዳን የሚነሳውም በአንድ ሰዓት ላይ ከፍቶ ይዘጋል። ሕንፃው ጸጥ ስላለ እያንዳንዷ ምት ትሰማለች።

ሙቅ ውሃ ከተከፈተ በኋላ ጠቅ ጠቅ ካለ ቧንቧው በሙቀት እየረዘመ ከግድግዳው ወይም ከማሰሪያው ጋር እየተፋተገ ነው። ይህ ያናድዳል እንጂ ለክፉ አይሰጥም።

ፎቅ ላይ ያለው ሰው ሽንት ቤቱን ሲለቅ ብቻ ግር የሚለው የፍሳሽ ቱቦ ነው። ከታች ከማወዳድራቸው ዕቃዎች አንዱም አይነካውም። ቱቦውን በወፍራም ስፖንጅ ወይም ጎማ ጠቅልሎ መሸፈን ነው ያለው አማራጭ።

ማንም ሳይከፍት ሌሊቱን ሙሉ የማያቋርጥ «ፍሽሽ» ካለ ግን ንጽጽሩን ተዉት። ማታ ሁሉንም ዝጉና ቆጣሪውን አንብቡ፣ ጠዋት ድገሙት። ቁጥሩ ከተቀየረ ውሃ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ያንን ፈልጎ የሚያገኝ ሠራተኛ ነው።

*ውሃው ከየት እየመጣ ነው?* ብዙ ብሎክ ሁለት ምንጭ አለው፦ ቀጥታ የከተማው መስመርና ሮቶ። ከተቻለ አንዱን ዘግታችሁ በሌላው ሞክሩት። በሮቶ ብቻ ስትጠቀሙ ጩኸቱ ከጠፋ ጣጣው ከከተማው መስመር ግፊት ወይም አየር ጋር ነው። በሮቶም ከቀጠለ ቤታችሁ ውስጥ ያለ ነገር ነው፦ የላላ ማሰሪያ፣ ያለቀ ጎሚኒ፣ የተሰበረ ፍሎተር። ይህ ሙከራ አንድ ብር አያስወጣም። ለምን ብዙ ሰው እንደማያደርገው አይገባኝም።

*ግፊቱ ስንት ነው?* ቧንቧ ጫፍ ላይ የሚጠመጠም የግፊት መለኪያ አለ፣ ዋጋውም ከባድ አይደለም። ብሎኩ አንድ ቢገዛ ለሁሉም ይበቃል። ቀን ላይ አንዴ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንዴ ይለካ። ለመኖሪያ ቤት 3 ባር አካባቢ ምቹ ነው። ከ5 ባር በላይ ከሆነ ግን ጩኸትም፣ የተበላሸ ፍሎተርም፣ የሚያንጠባጥብ ቦይለርም ይከተላል።

ደሴ ላይ ይህ ቁጥር ከቤት ቤት የሚለያየው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዋ ከጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ነው ያለችው። ውሃ በ10 ሜትር ቁመት 1 ባር ገደማ ግፊት ይፈጥራል። ማጠራቀሚያው ካለበት ቦታ 60 ሜትር ዝቅ ብሎ የተሠራ ሕንፃ፣ መሐል ላይ የሚያበርድለት ነገር ከሌለ፣ ውሃው ቆሞ ሳለ 6 ባር ይሸከማል። ሁለት መንገድ ከፍ ብሎ ያለው ሕንፃ ደግሞ ባልዲ ለመሙላት ይቸገራል። ስለዚህ ሆጤ ያለው ዘመዳችሁ የፈታው በዚህ ዕቃ ነው ብላችሁ ሰኞ ገበያ ለሚገኘው ቤታችሁ ያንኑ አትግዙ።

*ቧንቧው የማን ነው?* ከቆጣሪያችሁ ወደ ውስጥ ያለው የእናንተ ነው። ቋሚው ቧንቧ፣ የብሎኩ ዋና ቫልቭ፣ ጣሪያ ላይ ያለው የጋራ ሮቶ ደግሞ የጋራ መጠቀሚያ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ራሱ የቆመው በዚህ ክፍፍል ላይ ነው፦ የግል ቤትና የጋራ መጠቀሚያ። የጋራውን ለመንካት ኮሚቴው መስማማት አለበት። እኔ ይህን ከዋጋ እኩል አየዋለሁ። ርካሽ ሆኖ አሥራ ስድስት ቤት ማስማማት ከሚጠይቅ መፍትሔ፣ ትንሽ ወደድ ብሎ በራስ በር ውስጥ የሚያልቅ ይሻላል። እዚህ ሀገር ከጎረቤት ተኳርፎ ቡና መጠጣት ይከብዳል።

*ስንት ነገር ይፈርሳል?* ሴራሚክ የሚሰበርበት ሥራ ከቧንቧው በላይ የሚያስወጣው ሴራሚኩን መልሶ ለማግኘት ነው። ተመሳሳዩ ቀለም ከገበያ ከጠፋ መታጠቢያ ቤቱ የተጣፈ ሆኖ ይቀራል። ዕቃው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ መኖሩንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር አስመጥቶ መለዋወጫ የሌለው ዕቃ መግጠም ሌላ ራስ ምታት ነው።

ያለ ግዢ፦ ቀስ ብሎ መክፈት

አየር ለሚያስጮኸው ብሎክ ይህን ሳይሞክሩ ብር ማዋጣት ሞኝነት ነው። ውሃ ሲመለስ ጥበቃው ዋናውን ቫልቭ በአንዴ አይበርግደው። ሩብ ያህል ይክፈትና ይጠብቅ። ላይኛው ፎቅ አንድ ቧንቧ ተከፍቶ ይቆይ፣ አየሩ በዚያ ይውጣ። ውሃው ሳይተፋ መውረድ ሲጀምር ይዘጋ፤ ከዚያ ዋናው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ይከፈት።

ድካሙ ሰው መፈለጉ ነው። ውሃው ሌሊት 8 ሰዓት ሲመጣ ማን ይነሳል? ሰው ከጠፋ ከታች ያለው አየር ማስወጫ ይመጣል።

ማሰሪያና ጎማ

ቱቦው ከግድግዳ ውጭ የሚታይ ከሆነ በእጃችሁ ያዙትና አንድ ሰው ቧንቧ ከፍቶ ይዝጋ። እጃችሁ ውስጥ ከዘለለ ማሰሪያው ልል ነው ወይም የለም። ግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ በየ2 ሜትሩ ገደማ መያዝ አለበት። 20 ሚሊ ሜትር ፒ ፒ አር ግን ለስላሳ ስለሆነ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ይያዛል። ማሰሪያው ውስጡ ጎማ ያለው ይሁን። ጎማ የሌለው ብረት ማሰሪያ ቱቦውን ይይዛል፣ ንዝረቱን ግን እንዳለ ለግድግዳው ያስረክባል።

ማሰሪያ ምቱን አያጠፋም፣ ድምፁን ነው የሚቀንሰው። ቢሆንም በዋጋና በውጤት ሲመዘን ከሁሉ ቀድሞ የምመርጠው እሱን ነው። ከተሳሳታችሁም የምትከስሩት ጥቂት ብሎን ነው። ግድግዳ ውስጥ ለተቀበረ ቱቦ ግን አይሠራም።

ለሙቅ ውሃ መስመር ጥብቅ አድርጎ ማሰር ራሱ ጥፋት ነው። ቱቦው መንሸራተቻ ይፈልጋል። አለበለዚያ ጠቅ ጠቁ ይብሳል።

ጎሚኒና ፍሎተር

የሚንቀጠቀጥ «ድርርርር» አንድ ቧንቧ ሲከፈት ብቻ ከመጣ፣ ያ ቧንቧ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ላልቷል ወይም አልቋል። የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ሊሞላ ሲል ከጮኸ ፍሎተሩ ነው። ሁለቱም በደቂቃዎች ይቀየራሉ፣ ፈቃድም አይጠይቁም።

እዚህ ላይ አንድ ምርጫ አለ። የድሮው ብዙ ዙር የሚዞር መክፈቻ ጎሚኒው ያልቃል፣ ግን ቀስ ብሎ ስለሚዘጋ ምት አይፈጥርም። አዲሱ ሩብ ዙር የሚዞረው ያምራል፣ አያንጠባጥብም፤ በቅጽበት ስለሚዘጋ ግን ለምት ጥሩ ምክንያት ነው። ቤት አሳምረው መክፈቻውን ሁሉ ከቀየሩ በኋላ «ቧንቧው መንኳኳት ጀመረ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ መልሱ እጃቸው ላይ ነው። ቀስ ብሎ መዝጋት ይበቃል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ምክር የት ድረስ እንደሚሄድ ግን እናውቃለን።

አየር ማስወጫ ቫልቭ

በቋሚው ቧንቧ ጫፍ ላይ፣ ከሁሉ ከፍ ባለው ቦታ ይገጠማል። አየር ሲመጣ ይከፍታል፣ ውሃ ሲደርስ ይዘጋል። ውሃው ሲሄድም አየር ስለሚያስገባ ቱቦው ውስጥ መምጠጥ አይፈጠርም።

ፈረቃ ላለበት ብሎክ ከጋራ መፍትሔዎች ሁሉ የተሻለው ይህ ይመስለኛል። አንድ ዕቃ ሙሉውን መስመር ያገለግላል፣ ግድግዳ አይነካም፣ የአንድ ቀን ሥራ አይሞላም። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ውሃው ሲመለስ ዝገትና ደለል ይዞ ስለሚመጣ መዝጊያው ላይ ቆሻሻ ሊቀመጥና ሊያንጠባጥብ ይችላል። ስለዚህ ከሥሩ ትንሽ መዝጊያ ቫልቭ ይኑረው፤ ፈትቶ ለማጠብ ይመቻል። ደግሞም መውጣት የሚቻልበት ቦታ ላይ ይሁን። ኮርኒስ ውስጥ ተደብቆ የቀረ አየር ማስወጫ የሚታወሰው ጣሪያው ሲረጥብ ነው።

ግፊት መቀነሻ

በብዛት የሚሸጠውም፣ በብዛት ያለ ቦታው የሚገጠመውም ይህ ነው። ሌሊት የተለካው ግፊት ከ5 ባር በላይ ከሆነ ሌላ ነገር አትፈልጉ፣ መልሱ እሱ ነው። ፉጨቱንም፣ የምቱን ከፊልም ይቀንሳል፤ ፍሎተርና ቦይለርም ዕድሜ ያገኛሉ። ከ3 ባር በታች ከሆነ ግን ዕቃው የሚቀንሰው ነገር የለውም።

ውሃችሁ ከጣሪያ ሮቶ ብቻ ከሆነ አትግዙት። አራት ፎቅ ባለው ሕንፃ ላይ ሮቶው ከምድር ቤቱ ቧንቧ 15 ሜትር ገደማ ከፍ ቢል የሚሰጠው ግፊት 1.5 ባር ነው። ላይኛው ፎቅ ደግሞ ከዚያ ከሲሶ በታች ነው የሚያገኘው።

ቀጣዩ ጥያቄ በመግቢያው ላይ አንድ ትልቅ ይሁን ወይስ በየቤቱ ትንንሽ? በየፎቁ 3 ሜትር ብንል በምድር ቤትና በአራተኛ ፎቅ መሐል 12 ሜትር፣ ማለትም 1.2 ባር ልዩነት አለ። መግቢያው ላይ 3 ባር ከተደረገ አራተኛ ፎቅ 1.8 ያገኛል፣ ይበቃዋል። የምድር ቤት ሰው «ለኛ ይቀነስልን» ብሎ 2 ባር ላይ ካስደረገው ግን ላይ ያሉት 0.8 ይቀራቸዋል፣ ሻወሩ ይንጠባጠባል። ኮሚቴ የሚፈርሰው እንዲህ ባለ ነገር ነው። ቀንም ግፊት የማይጠፋበት ብሎክ ከሆነ አንዱ ትልቅ ይሻላል፤ በድምር ይረክሳል፣ ጥገናውም አንድ ቦታ ነው። ቀን ላይ ላይኛው ፎቅ የሚቸገርበት ብሎክ ከሆነ ታችኞቹ ቤቶች ብቻ በየራሳቸው ያስገጥሙ።

ከፊቱ ማጣሪያ ይኑረው፣ እሱም በየጊዜው ይታጠብ። ፈረቃ ባለበት ከተማ ይህ ቅንጦት አይደለም። ግፊቱ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ10 ባር ወደ 2 ባር በአንዴ ማውረድ ዕቃው ራሱ እንዲጮህ ያደርገዋል። ያኔ በሁለት ደረጃ ይወርዳል። ቦይለር ያለው ቤት ደግሞ ከገጠመ በኋላ የቦይለሩ የደኅንነት ቫልቭ ሲሞቅ ማንጠባጠብ ሊጀምር ይችላል፣ የሞቀው ውሃ ወደ ኋላ የሚመለስበት ስላጣ። ያ ቫልቭ ሥራውን እየሠራ ነው። እንዳይደፈን!

የምት መቀበያ

የውሃ ምት ለምን ይህን ያህል ኃይል እንዳለው ለማያምን አንድ ስሌት ልንገር። ሩሲያዊው ኒኮላይ ዡኮቭስኪ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሞስኮ የውሃ ቱቦዎች ላይ ፈትኖ ያስቀመጠው ነው። በብረት ቱቦ ውስጥ በሴኮንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውሃ በቅጽበት ሲቆም፣ ቀድሞ በነበረው ግፊት ላይ ወደ 14 ባር የሚጠጋ ይጨመራል፣ ለአንድ አፍታ። በፒ ፒ አር ቱቦ ግን ግድግዳው ትንሽ ስለሚለጠጥ ጭማሪው ሲሶ ገደማ ነው።

መቀበያው ውስጡ የታመቀ አየር ያለበት ትንሽ ሲሊንደር ነው። ምቱን አየሩ ይውጠዋል። የሚሠራው አጥፊው አጠገብ ሲሆን ነው፦ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ኋላ፣ ከሩብ ዙር መክፈቻው ሥር። ማሽኑ ውሃ የሚዘጋው በኤሌክትሪክ ቫልቭ ስለሆነ «ቀስ ብለህ ዝጋ» አይባልም፤ ለማሽን ያለው ሁነኛ መፍትሔ ይኸው ነው። ቆጣሪው ጋ ገጥሞ ኩሽና ያለው ምት እንዲጠፋ መጠበቅ ግን ከንቱ ነው።

ካልተገኘ የድሮ ቧንቧ ሠራተኞች ዘዴ አለ። ከመክፈቻው በላይ ጫፉ የተደፈነ ቁራጭ ቱቦ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ውስጡ አየር ይቀራል። መጽሐፍ የሚተቸው አየሩ ከጊዜ ጋር በውሃው ውስጥ እየሟሟ ስለሚያልቅ ነው። እኛ ጋ ግን ፈረቃው ለአንድ ጊዜ እንኳ ይጠቅማል። መስመሩ ባዶ በሆነ ቁጥር፣ ቧንቧ ከፍታችሁ ካስወረዳችሁት፣ ቁራጩ እንደገና አየር ይሞላል።

ፓምፑ

ፓምፕ ባለበት ብሎክ ሁሉም ጥፋት በፓምፑ ይሳበባል። ከመቀየሩ በፊት አራት ነገር ይታይ።

መሠረቱ ላይ በቀጥታ ተበስቶ ከታሰረ ንዝረቱ ወደ ሕንፃው ይገባል። ጎማ ይግባበት፤ መግቢያና መውጫው ላይም ተጣጣፊ ማያያዣ ይደረግ።

መብራት ሲጠፋ ወይም ፓምፑ ሲቆም ብቻ የሚመታ ከሆነ ጥፋቱ የውሃ መመለስ መከልከያው ቫልቭ ነው። በክዳን የሚሠራው ዓይነት ውሃው ወደ ኋላ መሮጥ ከጀመረ በኋላ ይላተማል። ስፕሪንግ ያለው ግን ቀድሞ ይዘጋል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ቅያሪ ከአዲስ ፓምፕ የበለጠ ጸጥታ ሊያመጣ ይችላል።

ፓምፑ በየጥቂት ሴኮንዱ የሚነሳና የሚቆም ከሆነ የግፊት ጋኑ (ውሃና የታመቀ አየር የሚይዘው) አየር አልቋል። ፓምፑን አጥፍታችሁ፣ ውሃውን አውጥታችሁ በጎማ መለኪያ ለኩት። ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት 0.2 ባር ገደማ ዝቅ ያለ አየር ሊኖረው ይገባል። የመኪና ጎማ መንፊያ ይበቃዋል።

ጠጠር የሚያኝክ ከመሰለ ግን በመሳቢያው በኩል ውሃ አንሶታል። ይህ በከፍታ ሀገር ይብሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፓምፕ ውሃ የሚስበው በአየር ግፊት ጉልበት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ በንድፈ ሐሳብ ከ10 ሜትር ጥቂት የሚያልፈው መሳብ እዚህ 7.6 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ትንሽ ትሻላለች። ካታሎጉ ላይ ያለው የመሳብ ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ መሆኑን አትርሱ። መፍትሔው ፓምፑን ወደ ማጠራቀሚያው ማቅረብ፣ ከተቻለ ከውሃው ወለል በታች ማስቀመጥ፣ የመሳቢያውን ቱቦ ማስፋት ነው። ትልቅ ፓምፕ መግዛት ጩኸቱን ይጨምረዋል።

ፓምፑ ከከተማው መስመር በቀጥታ የሚስብ ከሆነ ደግሞ ጩኸቱን ተዉት፣ እሱ ራሱ መቆም አለበት። ጎረቤት ያደርቃል፤ በተሰነጠቀ ቱቦ በኩልም ቆሻሻ ወደ መስመሩ ይስባል።

መስመሩን በሙሉ መቀየር

የሃያ ዓመት የብረት ቱቦ ውስጡ በዝገት ከጠበበ ውሃው በጠባቡ ቀዳዳ ሲሮጥ ይጮኻል። ጠዋት የመጀመሪያው ውሃ ቡናማ ከሆነ፣ ቧንቧ ሲከፈት የሌላው ክፍል ውሃ ከቀጠነ፣ መገጣጠሚያው ከላበ፣ ያን ጊዜ መቀየር ተገቢ ነው። ፒ ፒ አር አይዝግም፣ ምቱንም ይቀንሳል።

ለጩኸት ብቻ ተብሎ መቀየር ግን የመጨረሻው አማራጭ ነው። ደግሞ አዲስ ጩኸት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ተራ ፒ ፒ አር 5 ሜትር ርዝመት በ40 ዲግሪ ሲሞቅ 3 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ብረት በዚያው ልክ የሚረዝመው ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ስለዚህ ለሙቅ ውሃ መስመር ውስጡ ፋይበር ያለውን ምረጡ፣ መታጠፊያው ላይም መላወሻ ይተውለት።

በአንድ ዓይን

| መፍትሔ | የሚፈታው ጩኸት | ወጪ | የሚፈርስ | የማን ፈቃድ | የማይረዳበት |
|---|---|---|---|---|---|
| ቀስ ብሎ መክፈት | ውሃ ሲመለስ የሚመጣ | የለም | የለም | የጥበቃው ትብብር | ሰው ከሌለ |
| ማሰሪያና ጎማ | መንኳኳት፣ ንዝረት | በጣም ዝቅተኛ | የለም | የራስ | ቱቦው ከተቀበረ |
| ጎሚኒ፣ ፍሎተር | አንድ ቧንቧ ላይ ያለ | በጣም ዝቅተኛ | የለም | የራስ | ሁሉም ቤት ከጮኸ |
| አየር ማስወጫ | ውሃ ሲመለስ የሚመጣ | ዝቅተኛ | የለም | ኮሚቴ | ውሃ ካልተቋረጠ |
| ግፊት መቀነሻ | የሌሊት ፉጨት | መካከለኛ | ጥቂት | በቤት የራስ፣ በመግቢያ ኮሚቴ | ከ3 ባር በታች፣ ሮቶ ብቻ |
| የምት መቀበያ | ሲዘጋ «ዷ!» | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ጥቂት | የራስ | ከአጥፊው ከራቀ |
| የፓምፕ ማስተካከያ | ፓምፕ ሲነሳ፣ ሲቆም | መካከለኛ | የለም | ኮሚቴ | ፓምፑ ጠፍቶም ከጮኸ |
| መስመር መቀየር | የዛገ፣ የጠበበ ቱቦ | ከፍተኛ | ብዙ | ቋሚው የኮሚቴ | አየር፣ ፓምፕ |

ለማን የትኛው?

ተከራይ ከሆናችሁ ማሰሪያ፣ ጎሚኒና ፍሎተር ላይ ቁሙ። ከዚያ በላይ ያለው የአከራዩ ነው። የመዘገባችሁትን ሰዓት አሳዩት። «ይጮኻል» ከሚል ስሞታ «ሁልጊዜ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ያፏጫል፣ ግፊቱም 6 ባር ነው» የሚለው ይሰማል።

ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ የምትኖሩ፣ ብሎኩም ተዳፋቱ ሥር ከሆነ፣ የራሳችሁን ትንሽ ግፊት መቀነሻ ከነማጣሪያው ግዙ። ኮሚቴ መጠበቅ አያስፈልግም።

ላይኛው ፎቅ ያላችሁ፣ የእናንተ ችግር በአብዛኛው አየር ነው። ኮሚቴውን የምትጠይቁት አየር ማስወጫ ነው። ፓምፕ ይገዛ የሚል ሐሳብ ከተነሳ መጀመሪያ ይህ ይሞከር በሉ።

ልብስ ማጠቢያ ማሽን ያስገባችሁ ቤት ውስጥ ምት ከዚያ ወዲህ ከጀመረ አንድ መቀበያ፣ ማሽኑ ኋላ። ሌላ አያስፈልግም።

ቤቱን ለማደስ የተዘጋጃችሁ፣ ሴራሚኩም የሚነሳ ከሆነ፣ መስመሩን የምትቀይሩበት ጊዜ አሁን ነው። ሁለተኛ ያን ያህል ርካሽ አይሆንም።

ብሎኩ ጥቂት ብር ብቻ ማዋጣት የሚችል ከሆነ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ መለኪያው፣ ከዚያ አየር ማስወጫው፣ ከዚያ የፓምፑ ጎማና ስፕሪንግ ያለው ቫልቭ ነው። ግፊት መቀነሻው መለኪያው ካዘዘ ብቻ።

ከሠራተኛው ጋር ስትዋዋሉ ሙከራው በየትኛው ሰዓት እንደሚደረግ አስቀድማችሁ ተስማሙ። የሌሊት ፉጨት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ «ይኸው ጠፋ» ተብሎ አይረከብም። ከዋጋው ከፊሉ ይቆይና፣ ጩኸቱ ይሰማ በነበረበት ሰዓት ሁለት ሌሊት ካለፈ በኋላ ይከፈል።